ውዝፍ ያለበት ነጋዴ የቤት ብድሩን እንዴት ያራዝማል

ፒያሳ ላይ በግሉ ለሚነግድ ሰው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ክፍያ 90 ቀን ሳያልፈው ለቅርንጫፉ የብድር ማራዘሚያ ማመልከቻ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ካለፈ ብድሩ የተበላሸ ተብሎ ይመደባል፣ መረጃውም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት በኩል ለሌሎች ባንኮች ይታያል። በቃል ተስፋ አይዘናጉ፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ማመልከቻውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ገቢ ነው። ሽያጩ በጥሬ ገንዘብ ገብቶ በዚያው ለዕቃ ሲወጣ የባንክ ሒሳብ መግለጫው (ስቴትመንቱ) ባዶ ይሆናል። የዕለቱን ሽያጭ በሙሉ መጀመሪያ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ፣ ለአቅራቢ ከዚያ ይክፈሉ። ለግብር ያሳወቁት ገቢ ከስቴትመንቱ ጋር ካልተቀራረበ የብድር ባለሙያው አነስተኛውን ይይዛል። የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ) አብረው ይያያዛሉ። ሲራዘም ወርኃዊው ክፍያ ቢቀንስም ጠቅላላ ወለዱ ይጨምራል፤ አዲሱን የክፍያ ሠንጠረዥ ሳያዩ አይፈርሙ።