«ለክፎታል» የተባለ ልጅ እንዴት ያድጋል? የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ወላጆች

ልጁ ደህና ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ይጮኽና ይወድቃል። ገላው ይገተራል፣ ዓይኑ ይገለበጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። ሲነቃ እናቱን እንኳ ለጊዜው አይለያትም። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው ዛር፣ ሌላው ደግሞ ቀትር ላይ ወንዝ ወርዶ የለከፈው ጋኔን ነው ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ በሰፈሩ ሰው ዘንድ ሌላ ፍጡር ይሆናል።

እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የመንፈስ ነው የበሽታ ነው የሚለው ክርክር እስኪያልቅ ድረስ ኪኒኑ መዘግየት የለበትም። ጸሎታችሁን አትተዉ። ግን ይህ አወዳደቅ በሕክምና ስም አለው፣ የሚጥል በሽታ ይባላል፤ መነሻውም አንጎል ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ መዛባት ነው። በወሊድ ጊዜ አየር ያጠረው፣ ጭንቅላቱን የተመታ፣ ማጅራት ገትር ወይም ወባ አንጎሉን የነካው ልጅ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ በዘር የሚመጣም አለ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበትም ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ አልታወቀም ማለት ግን መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአግባቡ ቢታከሙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚሆኑት ከመውደቅ ሊድኑ ይችላሉ።

ሲወድቅ

መጀመሪያ ሰዓት እዩ። በድንጋጤ ውስጥ አንዱ ደቂቃ አሥር ይመስላል፤ ኋላ ሐኪሙ የሚጠይቃችሁም ስንት ደቂቃ ቆየ ብሎ ነው። ከዚያ ምድጃውን፣ ድንጋዩን፣ ስለት ያለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ጋቢ ወይም ሹራብ አጣጥፋችሁ ከጭንቅላቱ ሥር አድርጉ። አንገቱ ላይ የጠበቀ ቁልፍ፣ ክታብ ወይም ማተብ ካለ አላሉት። እጅ እግሩን ጨምቃችሁ አትያዙ፤ መንቀጥቀጡን አያስቆመውም፣ ትከሻውን ግን ሊያወልቀው ይችላል።

አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ማንኪያም፣ እንጨትም፣ ጣትም፣ ውሃም፣ ጠበልም ቢሆን። «ምላሱን ይውጠዋል» የሚባለው አይደርስም። የሚደርሰው የጥርስ መሰበር ነው፤ የተሰበረው ጥርስ ወይም የፈሰሰው ውሃ ወደ ሳንባ ይወርዳል። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል በጎኑ አስተኙትና አፉን ወደ መሬት ዘንበል አድርጉት፣ ምራቁ ይፍሰስ።

ስለ አረፋው ረጋ ብለን እንናገር፤ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው በእሱ ላይ ያለው ፍርሃት ነውና። አረፋው ልጁ መዋጥ ያቃተው የገዛ ምራቁ ነው፣ ከትንፋሹ ጋር ሲደባለቅ ይነጣል። ምላሱን ነክሶ ከሆነ ቀላ ይላል። አይጋባም፤ በመንካትም፣ በአረፋውም፣ በተረፈው ምግብም። ሰው ይተላለፍብኛል ብሎ ሲሸሽ ልጁ ምድጃው ላይ እንደወደቀ ይቀራል፤ በዚህ በሽታ የተቃጠለ እጅና ፊት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክብሪት ጭሮ ማሽተትስ? ይሠራል የሚመስለው በጊዜው ምክንያት ነው። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪቱ ተፈልጎ እስኪጫር ያ ጊዜ ያልቃል፣ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። ጭሱ ግን ቀድሞውንም ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ይጎዳል። የበርበሬ ጢስ ደግሞ የባሰ ነው።

ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ሁለተኛ ከጀመረው፣ ውሃ ውስጥ ከወደቀ፣ ክፉኛ ከተጎዳ፣ ወይም ሲወድቅ የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ትኩሳት ይዞት አንገቱ አልታጠፍ ካለ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ያ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ እስኪነጋም አይጠብቅም።

ሲነቃ ግራ ይጋባል፣ ይደክመዋል፣ የተምታታ ቃል ሊናገር ይችላል። ብዙ ቤት ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ከቦ «ማነህ? ከየት መጣህ? ልቀቅ!» እያለ ይጠይቀዋል። ልጁ ገና አልነቃም። የሚመልሰው ቃል የደከመ አንጎል ንግግር ነው፤ መላልሶ የተጠየቀ ልጅ ደግሞ ሰው የሚጠብቅበትን መመለስ ይለምዳል። ሰው በትኑ፣ ሽንት ካመለጠው ሸፍኑት፣ ስሙን ጠርታችሁ በትክክል እስኪመልስ የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። ከዚያ ይተኛ።

ሳይወድቅ የሚመጣውም አለ

ልጁ በወሬ መሃል ለ10 ወይም ለ20 ሰከንድ ፈዝዞ ይቀርና ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስበት ይችላል፤ አስተማሪው ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነው ብሎ ይቀጣዋል። ሌላው ልጅ ደግሞ ሰው የማይሸተው ነገር ይሸተዋል፣ ያለምክንያት ይፈራል፣ ልብሱን ይጎነትላል፣ አፉን ያላምጣል። ይህም የዚያው በሽታ መልክ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር።

እንቅልፍ በወሰደው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዓይኑን አፍጥጦ የሚጮህና ጠዋት ምንም የማያስታውስ ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው ያለው፣ የእንቅልፍ ፍርሃት። አትቀስቅሱት፣ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት፤ አብዛኛው ልጅ ሲያድግ ይተወዋል። በአንድ ሌሊት ተደጋግሞ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚመጣ ከሆነ ግን በስልክ ቅረጹትና አሳዩ።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ

ሐኪሙ በሽታውን የሚለየው በዋናነት ካያችሁት ነው። የጭንቅላት ምርመራ መሣሪያ ባይኖርም ሕክምና ይጀመራል፤ የአንጎል ሞገድ ምርመራው ደህና ነው ቢባል እንኳ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ። በየጊዜው የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦ «ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ እንደነቃ። ቀኝ እጁ ጀመረው፣ ከዚያ ሙሉ ገላው። 2 ደቂቃ። ሽንት አመለጠው። ትናንት ማታ ኪኒን አልዋጠም።» ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉ ትበልጣለች። መውደቁን ያየው ሰው አብሯችሁ ይሂድ፤ የጤና መድን ካላችሁ የመድኑንም ደብተር አትርሱ።

ኪኒኑ

ለብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው። መጠኑ በክብደት ይሰላል፦ ለመጀመሪያ በቀን በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ40 እስከ 60 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህን የምንጽፈው የታዘዘላችሁን እንድትረዱት ነው፣ መጠኑን የሚወስነውም የሚቀይረውም ሐኪሙ ነው። ልጁ ሲያድግ ክብደቱ ስለሚጨምር፣ ካቻምና የበቃው መጠን ዘንድሮ ሊያንስ ይችላል።

ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሞልቶ ሥራውን በደንብ እስኪጀምር ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በአምስተኛው ቀን ልጁ ይወድቃል፤ ቤተሰቡ «ይኸው አልሠራም፣ የሐኪም አይደለም» ይልና ያቆማል። ድንገት ማቆም ደግሞ ካለመጀመር ይከፋል፤ ሳያቋርጥ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ እሱም ሊገድል ይችላል።

ሌላም አለ። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ልጁን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘዋል፣ ይህ ቀስ በቀስ ይቀላል። አንዳንዱን ልጅ ግን ቁጡና ቅብጥብጥ ያደርገዋል፣ አላርፍ ይላል። ሰው ይህን ሲያይ «ጋኔኑ ተቆጣ» ይላል። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። መጠኑ ሊስተካከል ወይም በካርባማዜፒን፣ በሌላም ሊቀየር ስለሚችል ሄዳችሁ ንገሩ። ገላው ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሰዓቱ አንድ ይሁን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከተባለ ሁሌም 2 ሰዓት፤ ከራት ጋር ብታያይዙት አይረሳም። ከተረሳ ባስታወሳችሁበት ሰዓት ስጡት፣ በማግስቱ ግን እጥፍ አታድርጉ። ኪኒኑ የሳምንት ሲቀረው ሂዱና አስሞሉ፤ የሁለት ቀን ሲቀር የሄደ ሰው መድኃኒቱ አልቋል ሊባል ይችላል። ሳይወድቅ 2 ዓመት ከሞላው ስለማቆም ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይቻላል፣ ሲቆምም በወራት ውስጥ እየተቀነሰ ነው።

ጠበሉና ኪኒኑ

ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ልጁን ይውሰድ። ኪኒኑን በጠበሉ መዋጥ ይቻላል። አጥማቂው መድኃኒት አቁሙ ካሉ በአክብሮት ንገሯቸው፦ «አባ፣ ልጁ ድንገት ካቋረጠ ሌሊቱን ሙሉ ሊንቀጠቀጥብን ይችላል። ከጠበሉ ጋር እንዲወስድ ይፍቀዱልን።» የሚረዱ አባቶች አሉ፤ ካልፈቀዱ ወደ ሌላ ጠበል ሂዱ። ሩቅያ (ለፈውስ ቁርኣን) የሚቀራለት ልጅም እንደዚሁ ነው፣ ቂርአቱና ኪኒኑ እርስ በርስ አይጣሉም።

ጠበል ቦታ የሚያስቸግሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ሌሊት መነሳት እንቅልፍ ያሳጣል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ከቀሰቀሾቹ ዋነኛው ነው። ባዶ ሆድ መዋልም ለአንዳንዱ ልጅ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቀደም ብሎ ይተኛ፣ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለብቻው አይግባ፤ አንድ ትልቅ ሰው በክንድ ርቀት ይቁም። ማሰር፣ መግረፍ፣ በጢስ ማፈን በማንም ትእዛዝ አይደረግም።

ቤት ውስጥ

ፍራሹ መሬት ላይ ወይም ዝቅ ያለ አልጋ ላይ ይሁን። የመታጠቢያ ቤቱ በር አይቆለፍ። ምድጃው ከመሬት ከፍ ይበል፣ ካልተቻለ ዙሪያው ይከለል፤ ልጁ እሳት ዳር ብቻውን አይቀመጥ። ወንዝ፣ ዛፍ መውጣትና ገደል አፋፍ ከብት ማገድ ከሌላ ሰው ጋር እንጂ ለብቻ አይሆንም። ከዚህ ውጭ ይጫወት፣ ኳስ ይምታ፣ ትምህርት ቤት ይሂድ። ለአስተማሪው ሲወድቅ የሚደረገውን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ሳህንና ብርጭቆ አትለዩበት፤ ልጁ ከሰው የተለየ መሆኑን መጀመሪያ የሚማረው ከዚያ ነው።

«እንዳይነሳበት» ተብሎ ያለ ሥርዓት የሚያድግ ልጅ ብዙ ነው። ያለቀሰለት ሁሉ ይሰጠዋል፣ ታናናሾቹ ይገፋሉ። የሚጥለው ኪኒን ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣትና ትኩሳት ነው፤ «አይሆንም» መባል አይደለም። እንደ ወንድሞቹ ይታዘዝ፣ እንደ እነሱም ይመከር። ዱላ ግን ለእሱም ለእነሱም አይሁን።

ታናሽ እህቱ ስድስት ዓመት ከሞላት ሦስት ነገር መማር ትችላለች፦ ትራስ ማምጣት፣ ትልቅ ሰው መጥራት፣ አጠገቡ ሆኖ ስሙን እየጠሩ መቆየት። ደህና ባለበት ቀን እሱ ይተኛላት፣ እሷም ትለማመድ። በጎን ማስተኛቱን ትልቁ ወንድሙ ይያዘው፤ ራሱ ልጁም ሲወድቅ ምን እንደሚደረግለት ያኔ ያያል።