አኔስቴዥዮሎጂስት አሲስታንት ለመሆን ስትነሱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት የዚህ ሙያ ወሬ የሚጀምረው ከደሞዙ ነው። "ሁለት ዓመት ትማራለህ፣ ከዚያ ዶላሩን ታፍሳለህ!" ወሬው ውሸት ባይሆንም መሀሉን ይዘለዋል።

የመጀመሪያው ስህተት ስሞቹን ማምታታት ነው። አኔስቴዥዮሎጂስቱ የማደንዘዣ ሐኪም ነው። ነርስ አኔስቴቲስት የሚሆነው የነርስ ፈቃድ ይዞ፣ ቢያንስ 1 ዓመት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሠራ ነው። አሲስታንቱ ነርስ መሆን አይጠበቅበትም። የመጀመሪያ ዲግሪና የሳይንስ ኮርሶች ይዞ ማስተርስ ይማራል፣ ሁልጊዜም በሐኪሙ አመራር ሥር ይሠራል። አገር ቤት አኔስቴቲስት የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ "የኔው ሙያ አይደል እንዴ?" ይላል። አንድ ወዳጄም እንዲሁ ብሎ ነበር። ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ተጠርቶ፣ ለምጥ ለመጣች እናት የወገብ ማደንዘዣ ብቻውን ሲሰጥ የኖረ ልጅ ነው። ዲግሪውን አስገምግሞ ቀጥታ የሙያ ማረጋገጫ ፈተና የሚቀመጥ መስሎት አንድ ዓመት አቃጠለ። ለፈተናው የሚያበቃው ግን እዚህ እውቅና ያለው ፕሮግራም መማር ነው። ልምዱ ማመልከቻውን ያሳምረዋል እንጂ ትምህርቱን አያስቀርለትም።

ሁለተኛው፣ የሚኖሩበትን ስቴት አለማጣራት። ጆርጂያ፣ ኦሃዮ፣ ፍሎሪዳ፣ ኮሎራዶና ዲሲ ያሠራሉ። ካሊፎርኒያ ግን ለዚህ ሙያ ፈቃድ አይሰጥም። ቤት ገዝቶ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ ይህን የሚሰማ ሰው ያሳዝናል።

ኮርሶቹንም አትናቁ። የጤና ዲግሪ አለኝ ማለት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪና ፊዚክስ ወስጃለሁ ማለት አይደለም። የቆየ ኮርስ የማይቀበሉ ፕሮግራሞችም አሉ። ከመግቢያ ፈተናዎች ኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያውን) የሚፈልግ አለ፣ ጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያው) የሚበቃው አለ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት የምታመለክቱበትን ትምህርት ቤት ዝርዝር አንብቡ።

"ማታ ማታ ኡበር እየነዳሁ እማራለሁ" የሚለው ሐሳብም አያዋጣም። ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ማታ ጥናት ነው። ገንዘቡን ቀድማችሁ አስቡት፤ በተለይ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ስለማይሰጥ።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚያቃልለው ነው፦ ሻዶዊንግ። ብዙ ፕሮግራሞች ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታችሁ ቢያንስ 8 ሰዓት እንድታዩ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ወረቀቱን አስፈርሞ ውልቅ ይላል። ወተት የመሰለው የማደንዘዣ መድኃኒት፣ ፕሮፖፎል፣ ሲገባ፣ ታካሚው በሰከንዶች ውስጥ ዓይኑን ሲከድን፣ የመተንፈሻ ቱቦው ሲገባ ያያል፤ ያ ደስ ይላል። ሐኪሙ ግን እስከ 4 ክፍል ስለሚመራ ወደ ሌላው ይሄዳል። አሲስታንቱ እዚያው ይቀራል። አንዳንዴ ሦስት፣ አራት ሰዓት፣ ዓይኑን ሞኒተሩ ላይ ከፍ ዝቅ ከምትለው የትንፋሽ መስመር ሳይነቅል። እናንተም ያኔ አትውጡ፤ አጠገቡ ቁሙና ያቺ መስመር ቅርጿን ስትቀይር ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት።