ዩኒፎርም ሰቅሎ ማይክ ለመያዝ ለሚያስቡ የጦር አብራሪዎች

ተዋጊ ጄት ወይ ሄሊኮፕተር ስታበሩ ኖራችሁ አሁን በሙዚቃና በመድረክ ንግግር ልትኖሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ከአሁኑ እወቁ፣ ጄቱ የመጀመሪያውን ግብዣ ያመጣላችኋል፣ ሁለተኛውን ግን አያመጣም። ፖስተር ላይ «የቀድሞ ተዋጊ አብራሪ» ሲባል ያምራል፣ ሰውም ይመጣል፣ ዘፈኑ ወይ ወሬው ካልያዘው ግን በዛው ይቀራል።

ስለዚህ መብረሩን ቶሎ አትተዉ። የበረራ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ሲቪል ላይሰንስ አውጡ፣ ሜዲካሉ (የአብራሪ ጤና ምስክር ወረቀቱ) ኤክስፓየር እንዳያደርግ ጠብቁት። የካንትሪ ዘፋኙና የዘፈን ደራሲው ክሪስ ክሪስቶፈርሰን የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር፣ ካፒቴን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የጦር አካዳሚው ዌስት ፖይንት ሊያስተምር የነበረውን ቦታ ትቶ የሙዚቃ ከተማዋ ናሽቪል ገባና ስቱዲዮ ውስጥ ወለል ይጠርግ ጀመር፣ ኋላም ለቀለቡ ሉዊዚያና ሄዶ ባህር ላይ ወዳሉ የነዳጅ ማውጫዎች ሄሊኮፕተር ያበር ነበር፣ እዛው ሆኖም ዘፈን ይጽፋል። ሰው መጥረጊያውን ያወራል እንጂ ሂሳቡን የከፈለለት ያ ላይሰንስ ነው ባይ ነኝ።

ድምፅ ላይ ደግሞ የጄት አብራሪ የራሱ ጣጣ አለው፣ የዘፈን አስተማሪ ሁሉ አያውቀውም። ከፍተኛ ጂ (ጄቱ በፍጥነት ሲታጠፍ ሰውነትን የሚጫነው ኃይል) ሲመጣ ደም ከጭንቅላት እንዳይወርድ እግርና ሆድ ማጥበቅ፣ ጉሮሮ መዝጋት፣ በየ3 ሰከንዱ ገደማ ትንሽ አየር ቀይሮ መልሶ መዝጋት ነው ስልጠናው፣ ዓመታት የለመዳችሁት ይሄን ነው። ዘፈን ተቃራኒው ነው፣ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ አየሩ ሳይቆራረጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከፍ ያለ ኖታ ጋ ስትደርሱ አንገታችሁ ከተወጠረ ያንን ልማድ ጠርጥሩ። መጀመሪያ «ስስስ» እያላችሁ አየሩን ለ15 ሰከንድ ያህል እኩል አውጡ፣ ቀጥሎ ከንፈር እያርገበገባችሁ ኖታውን ውጡ ውረዱ፣ ጉሮሮው ከተዘጋ ከንፈሩ ወዲያው ስለሚቆም ራሳችሁን መሸወድ አትችሉም።

ጆሮም አለ። የሞተር ጩኸት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላው 4000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ የመስማት አቅም ነው፣ ያ ሲጎድልባችሁ ጊታሩ የደበዘዘ ይመስላችሁና ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ትጨምራላችሁ፣ አዳማጩ ግን ጆሮው ይወጋል። ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ) ተነሱ፣ ሚክሱን (ድምፆቹን የማመጣጠኑን ሥራ) ለሌላ ሰው ስጡ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚቻል ቢባልም በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ 100 ላይ 15 ደቂቃ ነው የሚቀራችሁ፣ ስቴጅ ላይ የጆሮ መሰኪያ አድርጉ።

ንግግሩ ላይ ከሌላው ተናጋሪ የምትበልጡት በዲብሪፍ፣ ማለትም ከበረራ በኋላ በሚደረገው ግምገማ ነው። ማዕረግ በር ላይ ቀርቶ ምን ታቀደ፣ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ ተብሎ ሲፈተሽ ኖራችኋል፣ ይሄው ራሱ የንግግር አወቃቀር ነው። ሲቪያችሁን አትዘርዝሩ፣ አንድ በረራ ምረጡ፣ በዛ በረራ ውስጥ አንድ ውሳኔ። ችግሩ ሬዲዮ ላይ ማሳጠር ለምዳችኋል። «ቢንጎ ነኝ» ብትሉ አዳራሹ ዝም ብሎ ያያችኋል፣ «የቀረኝ ነዳጅ ቤት ለመድረስ ብቻ ነው፣ ጓደኛዬ ግን ከደመናው ገና አልወጣም» ስትሉ ግን ሰው ወንበሩ ላይ ይስተካከላል። ዘፈን የሚገባው እዚህ ጋ ነው፣ ውሳኔው ከመነገሩ በፊት፣ መጨረሻ ላይ እንደ ማሰናበቻ ከሆነማ ሰው ቦርሳውን እየፈለገ ነው የሚሰማችሁ። ካናዳዊው የቀድሞ ተዋጊ አብራሪ ክሪስ ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ2013 ጠፈር ጣቢያ ሆኖ ጊታር ይዞ ሲዘፍን ዓለም ያየው፣ ዘፈኑና ያለበት ቦታ አንድ ታሪክ ስለሆኑ ይመስለኛል።

ጽሑፉን ከማቅረባችሁ በፊት የምስጢር ጉዳይ ካለው ለቀድሞ ተቋማችሁ አሳዩ፣ የመሣሪያ አቅም፣ የበረራ ስልትና ከኮክፒት የተነሳ ቪዲዮ ጡረታ ስለወጣችሁ ነፃ አይሆንም። ዩኒፎርም ለብሶ ለክፍያ መድረክ መውጣትም ብዙ አገር ደንብ አለው፣ ጠይቁ።

ኮንትራት ላይ ንግግሩንና ሙዚቃውን ለየብቻ አስጽፉ። ሳውንድ ቼክ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቪዲዮውን ማን እንደሚይዘውና ዘፈኑን ቆርጠው ለማስታወቂያ መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ሳይጻፍ አትፈርሙ።