ካውንቲያችሁ ከስቴቱ ምን ያህል ይርቃል? የምርጫ ውጤትን ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

ኖቬምበር 2021 ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የቨርጂኒያ ገዥ ሆኖ ሲመረጥ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ካፌዎች «የኛ ሰዎች ናቸው ያስመረጡት» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ወሬው ከባዶ አልተነሳም። የባይደን አስተዳደር በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ አንዳንድ የኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ስብስቦች ሰው ለያንግኪን ድምፁን እንዲሰጥ በግልጽ ቀስቅሰዋል። ለማስረጃ የሚጠራው ደግሞ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። በ2020 ባይደን እዚያ በ42 ነጥብ ግድም መራ (ነጥብ የምለው የሁለቱን ዕጩዎች ፐርሰንት ልዩነት ነው)፤ በዓመቱ ዴሞክራቱ ቴሪ ማኮሊፍ የመራው በ30 አካባቢ ብቻ ነው። «አያችሁ፣ 12 ነጥብ ወረደ!»

መውረዱስ ወርዷል። ግን ስቴቱስ? ይህን ሳይጠይቁ ስለ አንድ ካውንቲ መናገር፣ አገር ምድሩ ዝናብ ሲወርድበት ውሎ «የኛ ጓሮ ረጠበ» ብሎ እንደ መደነቅ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ወሬ በካልኩሌተርና በአንድ ወረቀት እንዴት እንደምትፈትሹ እነሆ። ምሳሌዬ ፌርፋክስ ነው፤ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ወይም ዋሽንግተን ስቴት ኪንግ ካውንቲ ብትኖሩም ስሌቱ ያው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ የየትኛው ካውንቲ ሰው እንደሆናችሁ አረጋግጡ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስቴቱ 95 ካውንቲዎችና ከየትኛውም ካውንቲ ውጭ የሆኑ 38 ከተሞች አሉት። አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ፌርፋክስ ሲቲ ሁሉም ለየብቻቸው ይቆጠራሉ። ፌርፋክስ ሲቲ ዙሪያዋን በፌርፋክስ ካውንቲ ተከባ እንኳ ውጤቷ በሌላ መስመር ነው የሚመዘገበው።

የፖስታ አድራሻ ደግሞ ያሳስታል። ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ስካይላይን አካባቢ የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የተሰበሰቡበትን ሰፈር ውሰዱ፤ ደብዳቤ የሚላከው «ፎልስ ቸርች» ተብሎ ነው፣ ድምፅ የሚቆጠረው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፖስታውን ተዉትና የመራጭነት ምዝገባችሁን እዩ፤ ካውንቲው ወይም ከተማው እዚያ ተጽፏል።

ሁለተኛ፣ የጸደቀውን ውጤት ውሰዱ

የምርጫ ሌሊት በቴሌቪዥን የሚታየው ቁጥር ለስሌት አይሆንም። በ2013 ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት በተደረገው ምርጫ፣ ሌሊቱን ሪፐብሊካኑ ማርክ ኦበንሼይን ይመራ ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሳይመዘገቡ የቀሩ ከ3 ሺህ በላይ በቅድሚያ የተሰጡ ድምፆች ተገኙ። ዴሞክራቱ ማርክ ሄሪንግ በ165 ድምፅ በልጦ ጸደቀለት፤ ከድጋሚ ቆጠራ በኋላ ብልጫው 907 ሆነ። ያን ሌሊት ቁጥር ገልብጦ ያስቀመጠ ሰው ዛሬም የተሳሳተ አሸናፊ ይዞ ይኖር ነበር።

የቨርጂኒያ የምርጫ መምሪያ ድረ ገጽ ላይ የቀድሞ ምርጫዎች ማኅደር አለ። ዓመቱንና የሥልጣኑን ዓይነት ስትመርጡ ከላይ የስቴቱ ድምር፣ ከታች በየካውንቲው የተዘረዘረ ውጤት ይወጣላችኋል፤ አውርዳችሁ በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ መክፈት ትችላላችሁ። ሌሎች ስቴቶችም ተመሳሳይ ገጽ አላቸው።

የምትፈልጉት ስድስት ቁጥር ነው። ለስቴቱ ሦስት፣ ለካውንቲው ሦስት፦ የዴሞክራቱ ድምፅ፣ የሪፐብሊካኑ ድምፅ፣ የሁሉም ዕጩዎች ጠቅላላ ድምር። ሦስተኛውን አትዝለሉት። እንደ 2016 ባለ፣ ሦስተኛ ወገን ዕጩዎች በርከት ያለ ድምፅ በወሰዱበት ዓመት፣ በሁለቱ ትልልቅ ዕጩዎች ድምር ብቻ ብታካፍሉ ፐርሰንቱ ሌላ ይሆናል። ሁለቱም አሠራር ያስኬዳል፤ አንዱን ዓመት በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ማስላት ግን አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ብልጫውን አውጡ

የ2020ን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እንሥራ። ፌርፋክስ ካውንቲ ባይደን 419,943፣ ትራምፕ 168,401 ድምፅ አገኙ፤ ጠቅላላው ወደ 601 ሺህ ነው። እያንዳንዱን ለጠቅላላው አካፍሉና በመቶ አባዙ። ባይደን 69.9፣ ትራምፕ 28.0 ይመጣል። ሁለቱን ስትቀናንሱ 41.9 ነጥብ፤ ይህን ብልጫ እንበለው። በስቴቱ ደረጃ ባይደን 54.1፣ ትራምፕ 44.0 በመቶ ስላገኙ ብልጫው 10.1 ነው።

አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ ዴሞክራት ሲመራ የመደመር ምልክት፣ ሪፐብሊካን ሲመራ የመቀነስ ምልክት አድርጉ። ገልብጣችሁ ብትጀምሩም ችግር የለም፤ መሀል ላይ ግን አትቀይሩ።

አራተኛ፣ ከካውንቲው ብልጫ ላይ የስቴቱን ብልጫ ቀንሱ

የነገሩ ሁሉ ልብ ይህ ነው። 41.9 ሲቀነስ 10.1 እኩል ይሆናል 31.8። በ2020 ፌርፋክስ ከስቴቱ በ32 ነጥብ ያህል ወደ ዴሞክራት አዘንብሎ ነበር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ርቀት እንበለው።

አሁን ወደ 2021። በስቴቱ ያንግኪን 50.6፣ ማኮሊፍ 48.6 በመቶ አገኙ፤ ብልጫው −1.9 ነው (በድምፅ 63,688)። ፌርፋክስ ላይ ማኮሊፍ በ30 ነጥብ ግድም መራ። 30 ሲቀነስ −1.9፤ መቀነስ በመቀነስ ሲገናኝ መደመር ስለሚሆን ወደ 32 ይመጣል። (ብዙ ሰው እዚህ ላይ 28 ጽፎ ያልፋል፤ ምልክቱን ደግማችሁ እዩት።)

በ2020 ርቀቱ 32፣ በ2021ም 32። ካውንቲው 12 ነጥብ ወረደ፤ ስቴቱም 12 ወረደ። ፌርፋክስ ያደረገው ቨርጂኒያ በጠቅላላ ያደረገችውን ነው። የኛ ሰው በገፍ ወደ ያንግኪን ዞሮ ካውንቲውን አስለውጦት ቢሆን ኖሮ፣ ርቀቱ በጠበበ ነበር።

ይህ «ኢትዮጵያውያን ያንግኪንን አልመረጡም» ማለት አይደለም። የመረጡት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። የድምፅ መስጫ ወረቀት የትውልድ አገር አይጠይቅም፤ ከካውንቲ ድምር ውስጥ የአንድን ማኅበረሰብ ድምፅ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ እንኳ አይመርጥም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የፌርፋክስ ቁጥር ለዚያ ወሬ ምስክር መሆን አይችልም።

አምስተኛ፣ አቻውን ከአቻው ጋር አነጻጽሩ

እስካሁን የሠራነው ስሌት አንድ ጉድለት አለበት፤ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫን ከገዥ ምርጫ ጋር አጋጥመናል። ቨርጂኒያ ገዥዋን የምትመርጠው ፕሬዚዳንቱ በተመረጠ በዓመቱ ነው፤ የሚወጣውም ሰው ያነሰ ነው። በ2020 ወደ 4.46 ሚሊዮን ድምፅ ተሰጠ፣ በ2021 ወደ 3.29 ሚሊዮን። የቀረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከመጣው ጋር አንድ ዓይነት ነው ብሎ መገመት አይቻልም።

የ2021 ትክክለኛ አቻ የ2017 የገዥ ምርጫ ነው። ያኔ ዴሞክራቱ ራልፍ ኖርዛም ሪፐብሊካኑን ኤድ ጊሌስፒን በስቴቱ በ8.9 ነጥብ አሸነፈ፤ ፌርፋክስ ላይ 68 ለ31 ግድም ነበር። ርቀቱ 28 ይሆናል። ስለዚህ ከገዥ ምርጫ ወደ ገዥ ምርጫ ስትሄዱ ርቀቱ ከ28 ወደ 32 ሰፋ። ስቴቱ ወደ 11 ነጥብ ሲንሸራተት ፌርፋክስ የተንሸራተተው ከዚያ ባነሰ ነው። በካፌው የተባለው ቀርቶ ተቃራኒው ሆነ ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ ወደ ኋላ ሂዱ

የአንድ ዓመት ርቀት ብዙ አይናገርም። የፌርፋክስን የፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች ደርድረን እንየው፦

2000፦ ስቴቱ −8.0፣ ካውንቲው −1.4፣ ርቀት 6.6
2004፦ ስቴቱ −8.2፣ ካውንቲው +7.3፣ ርቀት 15.5
2008፦ ስቴቱ +6.3፣ ካውንቲው +21.2፣ ርቀት 14.9
2012፦ ስቴቱ +3.9፣ ካውንቲው +20.5፣ ርቀት 16.6
2016፦ ስቴቱ +5.3፣ ካውንቲው +35.8፣ ርቀት 30.5
2020፦ ስቴቱ +10.1፣ ካውንቲው +41.9፣ ርቀት 31.8

2000ን እዩት። ጆርጅ ቡሽ ፌርፋክስን አሸንፏል፤ አሸናፊውን ብቻ የሚያይ ሰው «ሪፐብሊካን ካውንቲ» ብሎ ያልፈዋል። ርቀቱ ግን ያኔም ከስቴቱ ወደ ዴሞክራት ያዘነበለ እንደነበር ያሳያል።

2008 ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ኦባማ ካውንቲውን በ21 ነጥብ ስለወሰደ ፌርፋክስ ያን ዓመት የተገለበጠ ይመስላል። ርቀቱ ግን ከ2004 ምንም አልጨመረም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ቀነሰ። የተንቀሳቀሰችው ቨርጂኒያ ነች።

ካውንቲው ራሱ የተለወጠው በ2012 እና በ2016 መካከል ነው። ስቴቱ አንድ ነጥብ ተኩል ሲንቀሳቀስ ፌርፋክስ 15 ነጥብ ዘለለ። ኮሌጅ የጨረሱ የከተማ ዳርቻ ነዋሪዎች ከትራምፕ ሪፐብሊካን ፓርቲ የራቁበት ዘመን ነው፤ እንደ ፌርፋክስ የተማረ ሰው የበዛበት ካውንቲ በአሜሪካ ጥቂት ነው። በዚያው ስቴት ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለው የከሰል ማዕድን አገር ቡካነን ካውንቲ ደግሞ ጉዞው የግልባጭ ነበር፤ በ2004 ዴሞክራቱን ጆን ኬሪን የመረጠ ካውንቲ በ2020 ከመቶ ከ80 በላይ ድምፁን ለትራምፕ ሰጠ።

ትልቅ ካውንቲ ከሆነ፣ ከስቴቱ አውጥታችሁ አስሉ

ፌርፋክስ ከስቴቱ ድምፅ 13 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ «ስቴቱ» ስንል ፌርፋክስ ራሱ ውስጡ አለ፤ በከፊል ከራሱ ጋር ነው የምናነጻጽረው። የካውንቲውን ድምፆች ከስቴቱ ድምር ላይ ቀንሳችሁ ከቀሪው ጋር ብታነጻጽሩ ይበልጥ ይጠራል። በ2020 ከፌርፋክስ ውጭ ባለው ቨርጂኒያ የባይደን ብልጫ 5.2 ነጥብ ብቻ ስለነበር፣ ርቀቱ 31.8 መሆኑ ቀርቶ 36.7 ይሆናል።

በድምፅ ቁጥር ሲታይ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ሂላሪ ክሊንተን በ2016 ቨርጂኒያን ያሸነፈችው በ212,030 ድምፅ ነው። ከፌርፋክስ ብቻ ያገኘችው ብልጫ 197,423 ነው። የቀረው ቨርጂኒያ በሙሉ የሰጣት ብልጫ 14,607! ትንሽ የገጠር ካውንቲ ላይ ግን ይህን ብትሠሩ ለውጡ ከቁጥር አይገባም፤ ዝለሉት።

ወደ ሰፈር ከመውረዳችሁ በፊት

ከካውንቲ ወርዳችሁ በየምርጫ ጣቢያው ማየት ያምራችሁ ይሆናል፤ «ሐበሻ የሚበዛበት ጣቢያ» ብሎ መፈለግም ይመጣል። በ2020 ውጤት አታድርጉት። ያን ዓመት በቨርጂኒያ ከግማሽ በላይ ድምፅ የተሰጠው ቀደም ብሎ ወይም በፖስታ ሲሆን፣ የዚህ ድምፅ ቆጠራ በየጣቢያው ሳይበተን በአንድ ማዕከላዊ ስም ተመዝግቧል። የጣቢያው ቁጥር የሚያሳያችሁ የምርጫው ዕለት በአካል የሄደውን ብቻ ነው፤ እሱም በብዛት ወደ ሪፐብሊካን ያዘነበለ ነበር። የጣቢያ ወሰኖችም ይቀያየራሉ። የካውንቲ ድምር ላይ ይህ ችግር የለም።

ለልምምድ የ2025ን የገዥ ምርጫ ሥሩት፤ ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ሪፐብሊካኗን ዊንሰም ኧርል-ሲርስን በስቴቱ በ15 ነጥብ ግድም ያሸነፈችበትን። የጸደቀውን ውጤት አውርዱ፣ የፌርፋክስን ብልጫ አውጡ፣ የስቴቱን ቀንሱና ከ2017ቱ 28 እና ከ2021ዱ 32 ቀጥሎ ጻፉት።