የሆስፒታል ባክቴሪያን ባዮፊልምና የመድኃኒት መቋቋም ጂኖች ጎን ለጎን መመርመር

ከሆስፒታል ሕሙማን የተገኘ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክን የሚቋቋመው በያዘው ጂን ነው ወይስ በባዮፊልም (ባክቴሪያዎች ወለል ላይ ተጣብቀው በሚሠሩት አጣባቂ ሽፋን) ተሸፍኖ የሚለውን ጥያቄ አንድ ምርመራ ብቻውን ስለማይመልስ፣ ሁለቱን ለየብቻ መርምሮ ውጤቱን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ለባዮፊልሙ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ባለ 96 ጉድጓድ የፖሊስታይሪን ፕሌት ያዘጋጁ። በአጋር (ረጋ ባለ የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ አዳር ያደገውን ባክቴሪያ በሳላይን በጥብጠው ድፍርስነቱን 0.5 ማክፋርላንድ (የባክቴሪያ ብጥብጥ ድፍርስነት መለኪያ) ካደረሱ በኋላ፣ 1 በመቶ ግሉኮስ ባለበት ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ በተባለ የማሳደጊያ ፈሳሽ መቶ እጥፍ ያቅጥኑትና በሦስት ጉድጓዶች 200 ማይክሮሊትር ይጨምሩ። ብሮዝ ብቻ የያዙ ጉድጓዶችም ለማነጻጸሪያ ይኑሩ። ፕሌቱ ተከድኖ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቆያል።

ውጤቱን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም እጥበቱ ነው። ፈሳሹን ካስወገዱ በኋላ ጉድጓዱን በፎስፌት ባፈር ሦስት ጊዜ ሲያጥቡ የፒፔቱን ጫፍ ከግድግዳው አስጠግተው በዝግታ ይልቀቁ፤ በኃይል ከተለቀቀ ስስ ባዮፊልም ይነቀላል፣ እጥበቱ ከጎደለ ደግሞ ተንሳፋፊ ሴሎች ቀለም ይዘው ንባቡን ያጋንናሉ። ቀጥሎ በሜታኖል ለ15 ደቂቃ አጽንተው ያድርቁ፣ በ0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ለ15 ደቂቃ ያቅልሙ፣ ትርፉን ቀለም በውኃ ያስወግዱ። ሱዶሞናስ አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹና አየሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሐምራዊ ቀለበት ስለሚተው፣ ቀለሙን የሚያሟሟው 33 በመቶ አሴቲክ አሲድ ከዚያ መስመር በታች መቅረት የለበትም።

የብርሃን ምጥጠቱ በ570 ናኖሜትር ይነበባል። ብሮዝ ብቻ የያዙት ጉድጓዶች አማካይ ላይ የመደበኛ ልይይታቸው ሦስት እጥፍ ሲደመር መነሻው ይገኛል፤ ከመነሻው የማይበልጥ ባዮፊልም አልሠራም፣ እስከ ሁለት እጥፉ ደካማ፣ እስከ አራት እጥፉ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ብርቱ ይባላል። ክሪስታል ቫዮሌት የሞተውንም ሴል እንደሚያቀልም ግን አይዘንጋ።

የመቋቋም ጂኖቹን በፒሲአር (የተፈለገውን የዲኤንኤ ክፍል አባዝቶ በሚለይ ዘዴ) ሲፈልጉ ለስታፊሎኮከስ ሜክ-ኤ፣ ለክሌብሲዬላ ኤንዲኤም፣ ለአሲኔቶባክተር ኦክሳ-23 የተባሉት ጂኖች ቢካተቱ ይመረጣል፤ ጂኑ እንዳለበት የታወቀ ባክቴሪያና ዲኤንኤ የሌለበት ቱቦም በየዙሩ አብረው ይሠሩ። ኦክሳ-51 የተባለው ጂን በአሲኔቶባክተር ባውማኒ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ በመሆኑ፣ መገኘቱ ዝርያውን ይጠቁማል እንጂ ካርባፔነም የተባሉትን አንቲባዮቲኮች መቋቋምን በራሱ አያረጋግጥም።

የመቋቋም ጂን ሳይገኝበት ብርቱ ባዮፊልም የሠራ ባክቴሪያ ካጋጠመ፣ በተንሳፋፊ ሴሎች ላይ የተለካው ዝቅተኛ ገቺ መጠን (የባክቴሪያውን እድገት የሚገታው አነስተኛው የመድኃኒት መጠን) አሳሳች ሊሆን ስለሚችል፣ መድኃኒቱን በፕሌቱ ላይ ባደገው ባዮፊልም ላይ እንደገና ይፈትኑ።