ጆሮ ድፍን ብሎ አልለቅ ሲል ምክንያቱን እንዴት እንለያለን

መጀመሪያ አንድ ነገር፣ እባካችሁ አትጎርጉሩት! ኩክ ከሆነ የምትጎረጉሩበት ጥጥ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው፣ ኩክ ካልሆነ ደግሞ ታምቡሩን ልትጎዱት ትችላላችሁ።

ከዛ ይሄን ሞክሩ፦ አፋችሁን ዘግታችሁ "እምምም" በሉ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ በኩል ከጎላ ብዙ ጊዜ ችግሩ ኩክ ወይም ከታምቡር ጀርባ ያለ ፈሳሽ ነው፣ በደህናው በኩል ከጎላ ግን የመስሚያ ነርቩ ሊሆን ስለሚችል ቀልድ የለውም። በተለይ የአንድ ጆሮ መስማት ድንገት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ከወረደ በዛው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ብዙ ሰው "ጉንፋን ነው ያልፋል" ብሎ ይቀመጣል፣ ለዚህ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ግን የሚሰራው ቶሎ ሲጀመር ነው፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላ መስማቱን መመለስ ይከብዳል። የ"እምምም" ሙከራው ደግሞ ፍንጭ ነው እንጂ ምርመራን አይተካም፣ ጥርጣሬ ካላችሁ አትጠብቁ።

ከጉንፋን፣ ከአለርጂ ወይ ከሳይነስ በኋላ የጀመረ ከሆነ ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ አብጦ ተዘግቶ ይሆናል፣ ስትውጡ ወይ ስታዛጉ ቀጭ ይላል፣ አውሮፕላን ላይም ይብሳል። ይሄ ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል፣ አፍንጫ ይዞ መንፋትም ይረዳል ግን በቀስታ፣ በኃይል አይደለም። የአፍንጫ መክፈቻ ስፕሬይ ከጥቂት ቀን በላይ አትጠቀሙ፣ መልሶ ይደፍናል። በአዋቂ ሰው አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ፈሳሽ ቋጥሮ ለሳምንታት ካልሄደ ግን ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ቦታ በስፔሻሊስት መታየት አለበት፣ አልፎ አልፎ እዛ ያለ እጢ ነው ቱቦውን የሚዘጋው።

ኩክ ከሆነ የወይራ ዘይት ለጥቂት ቀን ጠብ ማድረግ ያለሰልሰዋል፣ ታምቡሩ የተበሳ ወይም ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣው ሰው ግን ምንም እንዳይጨምር። ጆሮ ላይ ተተክሎ የሚለኮሰውን የጆሮ ሻማ የሚባለውን ተዉት፣ ኩክ አያወጣም፣ ያቃጥላል።

ሐኪም አይቶ ጆሮው ንፁህ ነው ካላችሁ መንጋጋችሁን አስቡ፣ ማታ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ጆሮው ሳይታመም ሊደፈንበት ይችላል። ድፍን ማለቱ እየመጣ እየሄደ ከጆሮ ጩኸት፣ ከመስማት መቀነስና ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ከሚቆይ ኃይለኛ ማዞር ጋር ከሆነ ደግሞ ሜኒየር የሚባለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል የመስማት ምርመራ አሰሩ፣ መቼ እንደጀመረና ምን ያህል እንደቆየ ፅፋችሁ ያዙለት፣ ለሐኪሙ በጣም ይጠቅመዋል።