ሮማን በእንክብል፦ ለልብ ብለው ሲወስዱት የማያቸው ስህተቶች

ከአሜሪካ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ የሮማን ሳፕሊመንት ማየት እየተለመደ ነው። ልጆች ለወላጆቻቸው ይልካሉ፤ ጠርሙሱ ላይ ቀይ ልብ ተስሏል። ፋርማሲ ስለምሠራ ጠርሙሱ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። «ለልብ ነው አሉኝ፤ እንዴት ልውሰደው?» ይሉኛል።

መጀመሪያ፣ የግፊት መድኃኒታችሁን አታቁሙ። ይሄኛው በጣም ነው የሚያናድደኝ። አንድ ደንበኛችን፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ አምሎዲፒናቸውን ትተው ሮማኑን ብቻ መዋጥ ጀመሩ። በማግስቱ ሲለኩ ግፊታቸው ደህና ነው። «አየህ፣ ሠራ!» አሉኝ። ጋሼ፣ የሠራው ሮማኑ አይደለም! አምሎዲፒን ከደም ውስጥ ቶሎ አይወጣም። ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ካቆሙት በኋላም ለጥቂት ቀናት ይሠራል፤ ምስጋናውን ግን ሮማኑ ይወስዳል። ሰንበት ብለው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር ከ170 አልፏል። ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ። ግፊት እንዲህ ነው፤ ሳያሳምም ኩላሊትና አንጎል ይጎዳል። ሮማን ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የ8 ጥናቶች ጥቅል ትንተና ጭማቂው የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ5 ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከ170 ላይ 5 ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ሒሳቡን ለመምህሩ ተውኩላቸው።

ሌላው፣ ጭማቂውንና እንክብሉን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ስለ ልብ የሚወሩት ታዋቂ ጥናቶች የተሠሩት በጭማቂ ነው። ሻጮች የሚወዱት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የእስራኤል ጥናት የወፈረው የአንገት ደም ቅዳ ግድግዳ ሳሳ ይላል፤ ጭማቂውን የጠጡት ግን 10 ሰዎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው 289 ሰዎችን ይዞ እስከ 18 ወር ሄደ፣ በቀን 240 ሚሊ ሊትር። በጥቅሉ ለውጥ አልተገኘም። ይሄኛውን ጠርሙስ ላይ አታገኙትም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2013 ፖም ወንደርፉል የተባለው ኩባንያ ጭማቂውም እንክብሉም የልብ በሽታ ይከላከላል ብሎ ማስተዋወቁ አሳሳች ነው ሲል ወስኗል።

«40 በመቶ ኤላጂክ አሲድ» የሚለውን ጽሑፍም አትመኑ። ኤላጂክ አሲድ ሮማን ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ ግን ከሌላ ተክልም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች 27 የሮማን ሳፕሊመንቶችን መረመሩ። የሮማን ታኒን፣ ማለትም የሮማኑ መለያ የሆነው ንጥረ ነገር፣ እንደሚጠበቀው የተገኘው በ5ቱ ብቻ ነው። በሌሎች 5 ውስጥ ታኒኑም አሲዱም አልተገኘም።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የምትወስዱ ሳትነግሩን አትጀምሩ። እኛ አገር ዋርፋሪን የሽማግሌ መድኃኒት ብቻ አይደለም። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም ጣጣ ልቡ ላይ ወጥቶ ቫልቭ ያስቀየረ ወጣት ብዙ ነው። የሮማን ጭማቂ ሲጠጡ ወይም ሲያቆሙ አይኤንአራቸው (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) የተዛባ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ከፍ ካለ ደም ይፈሳል፤ ዝቅ ካለ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል።

«እሺ፣ እንክብሉን ትቼ ጁሱን ልጠጣ» የሚሉም አሉ። አንድ ብርጭቆ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳርና ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሲየም አለ። ስኳር ያለበት ሰው ያስብበት። ኩላሊቱ የደከመ፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያለ ፖታሲየም ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሥሩንና የግንዱን ልጣጭ ቀቅሎ መጠጣት? አይሞከርም፤ መርዛማ ነገር አለው።

ውጭ ላላችሁ ልጆች፦ እናት አባታችሁ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ሳትጠይቁ ሳፕሊመንት አትላኩ። ገንዘቡን ካላስቀራችሁት የግፊት መለኪያ ግዙበት። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን። ባትሪም ጨምሩበት።